ያዋስሽውን ባትሪ መጠየቅ ነውር አይደለም

ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ ሌሎች እህቶች በደንብ ጽፈውልናል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ እጅ ባትሪ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ትንሽ መብራት። የምትስቁ ካላችሁ ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ቡና እየጠጣን የምንሰማው ወሬ አለ። «ለእንትና ባትሪዬን አዋስኳት፣ ይኸው ሁለት ወር ሆነው።» «ታዲያ አትጠይቂያትም?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «ምን ብዬ? ለሦስት ዲናር እቃ!» ከዚያ ባትሪውም አይጠየቅም፣ ቅሬታውም አይወጣም። ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ እንጂ እንደ ድሮው አይቀራረቡም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። እናዋስ፣ ያዋስነውንም እንጠይቅ። ያዋሱትን መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። እንደ እኛ ባለ ኑሮ ደግሞ መጠየቅ ማለት እህትን ከዓይን አለማጥፋት ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ባትሪ ለምን እንደሚያስፈልገን ልናገር፤ ምክንያቱም አገር ቤት ያሉት «አማን እኮ መብራት አለ» ይሉናል። መብራቱስ አለ። ግን ሥራችንን የሠራ ሰው ያውቀዋል። አማን ውስጥ የቧንቧ ውሃ እንደልብ አይመጣም፤ ለብዙው ሰፈር ተራው የሚደርሰው በሳምንት አንዴ ነው። ውሃ በመጣ ጊዜ ጣሪያ ላይ ያለው ኸዛን መሙላት አለበት። ሳይሞላ ከቀረ ሳምንቱን ሙሉ የምንቸገረው እኛ ነን፤ ልብሱም እቃውም ወለሉም በእኛ እጅ ነውና። ውሃው ደግሞ ቀን ብቻ አይመጣም። ሌሊት ተነስቶ ሞተር ማስነሳት፣ ጣሪያ ወጥቶ ኸዛኑን ማየት አለ። የደረጃው መብራት በሰዓት የሚጠፋ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትደርሺ ድርግም ይልብሻል። ጣሪያው ላይ ቧንቧው፣ ሽቦው፣ የሳተላይቱ ሳህን እግር ይጠልፋል። እዚያ በጨለማ መሄድ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው የብርድ ወራት ጠዋት ነው። ጆርዳን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የበጋው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል ወስናለች። ጥሩ ጎን አለው፤ ከዚያ ወዲህ የእኛና የአገር ቤት ሰዓት በክረምትም በበጋም አንድ ነው፣ እናታችን ጋ ለመደወል መቀነስ መደመር ቀርቷል። መጥፎ ጎኑ ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ተመላላሽ የሆኑ እህቶች 12 ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጡ ገና ሌሊት ነው። ከተላዕ አል-ዓሊ ቁልቁለት ወደ ጋርደንስ መንገድ የሚወርዱት በጨለማ ነው። የእግረኛው መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ቤት ፊት ከፍ ይላል፣ ሌላው ፊት ዝቅ ይላል፣ መሃሉ ላይ ዛፍ ተተክሎበታል።

ሦስተኛው መብራት የሚጠፋ ቀን ነው። የቆዩት እህቶች እ.ኤ.አ. የዲሴምበር 2013ን በረዶ ያስታውሳሉ፤ አማን ነጭ ሆና ብዙ ሰፈር መብራት አጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2021 ዓርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ አገሩ በሙሉ ጠፋበት። ከግብፅ ጋር በሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በተፈጠረ ችግር ነው ተባለ። ቀን ስለነበር ሳሎን ብርሃን ነበረው። መስኮት የሌለው ደረጃ፣ ምድር ቤት ያለ መጋዘን፣ ከኩሽና ጀርባ ያለች የእኛ ክፍል ግን ቀኑም ሌሊት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ሻማ ለኩሶ እንቅልፍ ቢወስድሽ ምን እንደሚመጣ መናገር አያስፈልገኝም። ባትሪ ቢጠፋ ይጠፋል እንጂ ቤት አያቃጥልም።

«ስልኬ ላይ መብራት አለ» የምትሉ አላችሁ። አለ። ግን የስልኩ ቻርጅ ሲያልቅ መብራቱ ብቻ አይደለም የሚያልቀው። በችግር ቀን ስልክ ለመደወያ መቆየት አለበት፤ እዚህ አገር ለአምቡላንስም፣ ለእሳትም፣ ለፖሊስም ቁጥሩ 911 ነው። ደግሞ ማታ ማታ ስልካቸው የሚወሰድባቸው እህቶች አሉ። ክዳኑ የተከፈተ ኸዛን ላይ ስልክ ይዞ ማጎንበስም የስድስት ወር ቁጠባን ውሃ ውስጥ ለመጣል መቅረብ ነው።

እንግዲህ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ሁላችንም ግን የለንም። አዲስ የመጣች እህት የመጀመሪያ ወራት ደመወዟን አገር ቤት ስትልክ ለራሷ ባትሪ አትገዛም። ስለዚህ ትዋሳለች። ደግ ነው፣ ትዋስ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። ጤፍ፣ ዘይት፣ ገንዘብ እንበደራለን። ወንፊት፣ ምጣድ፣ መጥረቢያ ግን እንዋሳለን። ልዩነቱ ምንድነው? የተበደርሽውን ትበይዋለሽ፣ ታጠፊዋለሽ፣ ከዚያ ሌላ አምሳያውን ትመልሻለሽ። የተዋስሽውን ግን ያንኑ ራሱን ነው የምትመልሺው። ባትሪ ላይ ሁለቱም አለ። ቀፎው ውሰት ነው፣ ውስጡ ያለው ኃይል ብድር ነው። ሞልቶ የወጣ ባትሪ ባዶውን ከተመለሰ ግማሹ አልተመለሰም ማለት ነው። በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ ሞልተሽ መልሺ። ድንጋይ የሚገባበት ከሆነ የጨረስሽውን ድንጋይ ተኪ። ይህን ስል ለሳንቲሙ ብዬ አይደለም። የቻርጅ ባትሪ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ኃይል መያዝ ያቅተዋል። አሮጌ ድንጋይ ውስጡ የተረሳበት ደግሞ ፈሳሽ ይወጣውና ብረቱን ይበላዋል። ዘግይቶ የተመለሰ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሞተ ባትሪ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ይሉኝታ።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፣ ያሳደገን እሱ ነው። ግን ቦታውን ይስታል። ባትሪውን ይዛ የቆየችው እህት ማፈር ሲገባት፣ የምታፍረው ባለቤቷ ናት። «ሰስታ ጠየቀች እንዳልባል» ትላለች። እና ዝም ትላለች። ዝምታው ምን እንደሚያመጣ ከሌላ ሰፈር የመጣች እህት የነገረችንን ልንገራችሁ።

እነሱ ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰቡ ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። አንዷ ለውሃ ቀን ብላ የቻርጅ ባትሪ ተዋሰች። በሳምንቱ አልመጣችም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓርብ የለችም። በመሃል ወሬ ተጀመረ። «ባትሪውን በላችው፣ አፍራ ነው የቀረችው» ተባለ። ባለቤቷ መደወል ፈልጋ ነበር። ግን «ስደውል ለባትሪው የደወልኩ ይመስላታል» ብላ ተወችው። ሌሎቹም በዚያው ምክንያት ተዉት። ስድስት ሳምንት ሆነ። ልጅቷ ለካ አሠሪዎቿ የታመሙ አሮጊት እንድታስታምም ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ወስደዋት ነበር። ስልኳ ተይዟል፣ የዕረፍት ቀን የለም፣ ሌሊት ከአሮጊቷ ጋር፣ ቀን ከሥራው ጋር። ስትመለስ ባትሪው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ሞልታ ነው ያመጣችው። ያለቻቸው ነገር ይህ ነው፦ «ለእኔ ባትደውሉ እንኳ፣ ለባትሪው ብላችሁ ብትደውሉ ኖሮ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ውሰት ያለኝ አስተያየት ሌላ ነው። የእኛ ኑሮ እንደ አገር ቤት ሰፈር አይደለም። እዚያ ሰው ከጠፋ ጭሱ ይታያል፣ በሩ ይታያል፣ ልጁ ይጠየቃል። እዚህ አንዲት እህት ከዓርብ ስብሰባ ብትቀር ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ቤት ቀይራ ሊሆን ይችላል፣ ታማ ሊሆን ይችላል፣ ተከልክላ ሊሆን ይችላል። የጆርዳን የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሻሽሎ የቤት ሠራተኞችንም አካቷል፤ በ2009 የወጣው ደንብ ደግሞ የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጠናል። ስለዚህ ዓርቧን የማትቀር ሴት ሦስት ሳምንት ስትጠፋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሚመለስበት ቀን የተቆረጠለት ባትሪ ካለ ግን ቀኑ ራሱ ያስታውሰናል። በቀኑ ካልመጣች ትጠየቃለች። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ባትሪው ሳይሆን «እህቴ ደህና ነሽ ወይ?» ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የአንዲትን እህት አሠሪ በር አንኳኩቶ «ሠራተኛዋ ደህና ናት?» ማለት ማዳሟን ያስቆጣል፣ ጦሱም ለልጅቷ ይተርፋል። «ባትሪ አውሻት ነበር፣ ልወስድ መጣሁ» ማለት ግን ማንንም አያስደነግጥም። ሐሪሱም ቢሆን ይህን ሰምቶ ያሳልፋል። ትንሿ እቃ በር ታስከፍታለች፣ በዚያውም ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ ሳንቀያየም? መልሱን እናቶቻችን ድሮ ሠርተው አስቀምጠውልናል፣ እድር ይባላል። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት፣ ሰሃን፣ ጭልፋ አለው። ለቀብርም ይወጣል፣ ለሠርግም በኪራይ ይሰጣል። ንብረት ያዡ ሲያስረክብ ቆጥሮ ነው፣ ሲረከብም ቆጥሮ ነው። ሦስት ሰሃን ከጎደለ የሦስት ሰሃን ዋጋ ይከፈላል። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ እንኳ «ሰሃን ተቆጠረብን» ብሎ አይቀየምም። ለምን? የሚጠይቀው ሰው ሳይሆን ደንቡ ስለሆነ ነው። ደንቡ ሁሉንም እኩል ስለሚጠይቅ ማንም ተጠረጠርኩ አይልም። ድግስ ሲኖር ከጎረቤት በሚሰበሰበው ሰሃንና ብርጭቆም ላይ እናቶቻችን ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉ አልነበር? ያንን ምልክት ያየ ሰው «አላመኑኝም» አላለም፤ የማን እንደሆነ ለይቶ መለሰ እንጂ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

1. አቅም ያለን ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ጥቂት ባትሪ እንግዛ። መሃል ከተማ ወይም ራስ አል-ዓይን ካለው የዓርብ ገበያ ይገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

2. እያንዳንዱ ላይ በጥፍር ቀለም ቁጥር ይጻፍበት። የግላችሁን የምታዋሱም ምልክት አድርጉበት።

3. አንድ ደብተር ይኑር። ማን ወሰደች፣ ስንት ቁጥር፣ መቼ ትመልሳለች። ሦስት ነገር ብቻ። የአሠሪ ስምና የቤት አድራሻ ደብተሩ ላይ አይጻፍ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ሰው እጅ ይገባል። ደብተሩን የራሷ ቤት ያላት ተመላላሽ እህት ትያዘው።

4. ቀኑ ከሁለት ሳምንት አይለፍ። የምትፈልገው ታስመዝግብና እንደገና ትውሰድ። ይህ ለማስጨነቅ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ድምጿን እንድንሰማ ነው።

5. ሞልቶ ይመለስ።

6. ቀኑ ካለፈ ደብተር ያዧ በዚያው ሳምንት ትደውል። ስልክ ካልተነሳ ወደ እሷ ሰፈር የምትሠራ እህት ትጠይቅ። ስለ ጠፋች እህት መጀመሪያ ክፉ አናውራ፤ መጀመሪያ እንፈልጋት።

7. ባትሪው ከተሰበረ ወይም ከጠፋ ሳትጠየቅ ቀድማ ትናገር። አምሳያውን ትግዛ፣ ካልቻለች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትክፈል። ቤት ያስቀየሯት፣ ወደ አገር የመለሷት፣ ወይም እቃዋን ሳትይዝ የወጣች እህት ግን ዕዳ የለባትም። ለእንዲህ ያለችው ማኅበሩ ይሰርዝላት። ደንብ ያለ ርኅራኄ ከሆነማ ከምንሸሸው ነገር በምን ይሻላል?

«በደብተር መጻፍ ወዳጅነትን ያቀዘቅዛል» የሚሉ አሉ። ቁብ የምንጥለው በደብተር አይደለም እንዴ? የቁብ ደብተር ስላለ ሰብሳቢዋን እንጠላታለን? ወዳጅነትን የሚያቀዘቅዘው ያልተጻፈው ነው፤ አንዷ «ሰጠችኝ» ስትል ሌላዋ «አዋስኳት» ያለችው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ከነጭራሹ አለማዋስ ነው መፍትሔው፣ የራሷን ትግዛ» ይላሉ። የተቃጠለ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን የዚህች ከተማ ኑሮ ለብቻ የሚገፋ አይደለም። ዛሬ ባትሪ የከለከልሻት ነገ ስትታመሚ ሾርባ ይዛ የምትመጣ ልትሆን ትችላለች። ብድር በምድር ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውንም አልረሳሁትም፤ ባትሪ እያላት ያንቺን የምትወስድ ካለች «የራስሽን ተጠቀሚ» ማለት ይቻላል፤ እሱም ነውር አይደለም።

ስለ ቤተሰብም አንድ ነገር ልበል። ለፈቃድ አገር ቤት ስንሄድ ባትሪ የማይዝ የለም። መብራት ባልገባበት ገጠር ሌሊት ከብት ለማየት፣ ደጅ ለመውጣት፣ ልጅ ለማጥናት ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ጣጣው ሌላ ነው። ለወንድም ያዋስሽው ባትሪ ወደ አጎት ልጅ ይሻገራል፣ ከእሱ ወደ ሚስቱ ቤተሰብ። መመለሻሽ ሲደርስ ብትጠይቂ «ከውጭ መጥታ ባትሪ ትቆጥራለች» ይሉሻል። እኔ የምለው ለቤተሰብ ስትሰጪ ስጪ፤ በአፍሽም «ይህ ስጦታ ነው» በዪ። የራስሽን ስታዋሺም «ይህቺ የጉዞዬ ናት፣ እስከ ቅዳሜ ነው» ብለሽ ቀኑን ቁረጪ። ስጦታና ውሰት ከመጀመሪያው ቀን በቃል ከተለዩ ቅሬታ የለም። እንደ ውሰት ሰጥቶ እንደ ስጦታ ዝም ብሎ በልብ መቁጠር ነው ዘመድን የሚያራርቀው።

በመጨረሻ ስለ መጠየቅ ልጨምር። ብዙዎቻችን አሠሪ ፊት ቆመን «የዚህ ወር ደመወዜ» ማለት ይከብደናል። ምላስ ይተሳሰራል፣ ዓይን መሬት ያያል። ባትሪና ደመወዝ አንድ አይደሉም፤ ባትሪው ወዳጅ እጅ ነው ያለው፣ ደመወዙ ግን ካኮረፈች ልታባርርሽ ከምትችል ሰው እጅ። ግን አፍ የሚለመደው ከማይፈራ ቦታ ነው። እርስ በርሳችን «ባትሪዬን አምጪልኝ እህቴ» ብለን በፈገግታ መጠየቅ፣ የተጠየቀችውም ሳትቀየም «ይኸውልሽ» ማለት ከለመድን፣ የራስን መጠየቅ ወንጀል እንዳልሆነ ልባችን ይቀበላል።

ይህች ጽሑፍ ስትደርሳችሁ ክፍላችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ከአልጋ ሥር፣ ከሻንጣ ውስጥ፣ ከኩሽና መሳቢያ የሰው ባትሪ ካለ ዛሬ ማታ ቻርጅ አድርጉትና ዓርብ ይዛችሁ ኑ። ባትሪያችሁ ሰው እጅ ያለባችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉ። ካላነሳች ነገም ደውሉ።

ከተላዕ አል-ዓሊ፣ ከአባላችሁ አንዷ